ቁልፍ ከመጠየቃችሁ በፊት

ሰሞኑን ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች ቢሮዬ መጡና "ጋሼ፣ የዴቢያን አባል ለመሆን ልናመለክት ነው፣ እስቲ ጽሑፉን ይዩልን" አሉኝ። ዴቢያን እንደ ዊንዶውስ ያለ፣ ግን በነፃ የሚታደል የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና ነው። በጣም ደስ አለኝ። ጅማ ላይ፣ መብራት እየሄደ እየመጣ፣ ዓለም የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር በነፃ ላገልግል ብሎ መነሳት ትልቅ ነገር ነው። ጽሑፋቸው ግን ከላይ እስከ ታች ውጤትና ሰርተፍኬት ነበር። ለነሱ ያልኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

እዚህ ከተማ ቡና ነጋዴ የመጋዘን ቁልፍ ለማን ነው የሚሰጠው? ለዓመታት ሲመዝን አይቶት ኪሎ ላላጎደለበት ሰው። ዴቢያንም ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የቆመው እንደዚሁ ነው። አባል ስትሆኑ የላካችሁት ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀ ሶፍትዌር፣ የማታውቁት ሰው ሰርቨር ላይ ይገባል። ስለዚህ መጀመሪያ ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ አስተካክሉ። ፓኬጅ ሥሩና አንድ ነባር አባል አይቶ ይላክላችሁ። ቆይቶ ያ ሰው "ሥራውን አውቃለሁ" ብሎ ይመሰክርላችኋል፤ ያኔ ማመልከቻው ራሱ ሁለት መስመር ቢሆን ይበቃል።

የላካችሁት ነገር የእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠውን የዲጂታል ቁልፋችሁንም ነባር አባላት መፈረም አለባቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአካል አግኝተዋችሁ። ለጅማ ልጅ ይሄ ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ቀደም ብላችሁ ጠይቁበት።

ጥያቄ ሲበዛባችሁ ደግሞ አይክፋችሁ። በ2024 እ.ኤ.አ. የሆነውን አስታውሱ። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ ሰው ኤክስዜድ ዩቲልስ የሚባል የፋይል መጭመቂያ ፕሮጀክት ላይ ከሁለት ዓመት በላይ ደህና ሥራ ሲሠራ ቆይቶ፣ እምነት ካገኘ በኋላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚያስገባ ድብቅ በር አስገባበት። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ፣ ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ ከሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነገሩን ተከታትሎ ደረሰበት። እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ሌላው ነው፦ ያንን ፕሮጀክት ለዓመታት በነፃ ብቻውን የተሸከመው ሰው ደክሞት ነበር፣ መድከሙንም ተናግሯል፣ ያገኘው መልስ ግን ውክቢያ ነበር።

እኔ እንደሱ መናገር እንኳን አልቻልኩም። ወጣት ሳለሁ አንድ ፓኬጅ ተረክቤ የቢሮ ሥራ በዛብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ፣ "አልቻልኩም" ማለት አቃተኝና አራት ወር ዝም አልኩ። በመሃል የደህንነት ቀዳዳ ተገኝቶበት ኖሯል፤ ሰዎቹ ባለቤት አለው ብለው እኔን ሲጠብቁ ሳይደፈን ቆየ። አሁንም ይቆጨኛል።

በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የዴቢያን ማኅበራዊ ውል ችግሮችን አንደብቅም የሚል ቃል አለው። የሚያወራው ስለ ባግ ነው። እኔ ግን አባል ለሚሆን ሰው ስለ ጊዜውና ስለ አቅሙም እንደሚሠራ አምናለሁ። "ከዚህ ወር በኋላ አልችልም፣ ሌላ ሰው ይረከበኝ" ብሎ መጻፍ እዚያ ነውር አይደለም። ማመልከቻችሁ ላይም በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ፣ ፈተና ሲደርስ እንደምትጠፉ፣ ኔትወርክ እንደሚቆራረጥ በግልጽ ጻፉት።

ልጆቹ ማመልከቻውን ለጊዜው አቆዩት። አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፎንት ዴቢያን ውስጥ ስላለ ከሱ እንጀምር ተባብለናል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መብራት ካለ፣ ቢሮዬ ነን።