ቲኬቱን የሸጥኩት እኔ፣ ሾው የከፈተው አለቃዬ፣ ማን ነው የሚጠየቀው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ኒውዮርክ አንድ ትርኢት ቤት በር ላይ ቲኬት ነው የምሸጠው። ማታ ማታ ራቁት ምናምን ያለበት የአዋቂ ሾው አለ፣ አንዳንዴ ጢም እንኳን ያላበቀሉ ልጆች ይመጣሉ፣ አለቃዬን ስጠይቀው ሾው ህጋዊ ነው ከከፈሉ አስገባቸው ይለኛል። ነገ ጣጣ ቢመጣ የሚይዘው እኔን ነው እሱን? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ አንተም አትቀርም ወንድሜ። አለቃህ ህጋዊ ነው ያለው ለአዋቂ ከሆነ ልክ ሊሆን ይችላል፣ የኒውዮርክ የወንጀል ህግ ግን ልጅ ሲመጣ መለኪያውን ይቀይራል፣ ልጅ የሚለው ደሞ ከ17 ዓመት በታች ያለውን ነው፣ ለልጅ ጎጂ የተባለ የወሲብ ትርኢት በገንዘብ ማሳየት ብቻ ሳይሆን የመግቢያ ቲኬት መሸጥም እዛው ክልከላ ውስጥ ገብቷል። ፌሎኒ (ከባድ ወንጀል) ነው፣ እስከ 4 ዓመት ያሳስራል። ውስጥ ምን እንደሚታይ አላውቅም ነበር እንዳትል ደሞ ራስህ ፅፈህልናል።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ እዛው ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ ጊንስበርግ የሚባል ባለሱቅ ለ16 ዓመት ልጅ የራቁት ሴቶች መፅሄት ሸጦ ተከሰሰ፣ መፅሄቱ ለአዋቂ ቢሸጥ ማንም አይነካውም ነበር፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1968፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ጥፋተኝነቱን አፀናበት። ልጁን ሂድ ግዛ ብላ የላከችው ደሞ እናቱ ናት፣ ሻጩን ለማስከሰስ!

የሚያድንህ አይዲ ነው። 17 ሞልቶታል ብለህ ለማመን በቂ ምክንያት ከነበረህ እና ልጁም መንጃ ፈቃድ ወይ የልደት ሰርተፍኬት ካሳየህ መከላከያ ይሆንልሃል፣ ወረቀቱ በኋላ ፎርጅድ ሆኖ ቢገኝ እንኳን ሲያዩት እውነተኛ የሚመስል ከነበረ ያስኬዳል። ቁመቱ ትልቅ ነበር ማለት ግን አይበቃም።

ራቁት ገላ ስለታየ ብቻ ወንጀል ነው ማለት ግን አይደለም፣ ትርኢቱ በጠቅላላ ታይቶ ለልጆች ቁም ነገር ያለው የጥበብ ስራ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ግን እሱን የሚለየው ፍርድ ቤት እንጂ በር ላይ የቆመ ሰው አይደለም። አለቃህ አሁንም አስገባ ካለህ ትእዛዙን በቴክስት ላክልኝ በለው፣ የሚልክልህ አይመስለኝም።