የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቢቢ ኪንግን ለምን እንሰማዋለን?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በሠርግና በሆቴል ዝግጅቶች ላይ በሚሠራ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር እጫወታለሁ። አንጋፋ ሙዚቀኞች ቢቢ ኪንግን እንድሰማ ይመክሩኛል። እኔ ግን ከእሱ እጅግ የፈጠኑ ተጫዋቾች በሞሉበት በዚህ ዘመን ይህን ያህል የሚያስከብረው ምን እንደሆነ አልገባኝም። ተፅዕኖው እስከ ዛሬ የዘለቀው ለምንድን ነው? ከየትኛው ሥራውስ ልጀምር?
አንባቢ፣ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አንጋፋዎቹ የሰጡዎት ምክር ትክክል ነው፤ ቢቢ ኪንግን በፍጥነት ከለኩት ግን ትልቅነቱ አይታይዎትም። ይህ አሜሪካዊ የብሉዝ (ከጥቁር አሜሪካውያን የመነጨ የሙዚቃ ስልት) ጊታር ተጫዋችና ድምፃዊ ጊታርን ከዘፋኙ ጎን የቆመ ሁለተኛ ድምፃዊ ያደረገ ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1925 በሚሲሲፒ ተወልዶ በጥጥ እርሻ ላይ እየሠራ ያደገው ኪንግ በወጣትነቱ ወደ ሜምፊስ ሲሄድ፣ የሥጋ ዘመዱ የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ቡካ ዋይት ጠንካራ ነገር በክሮቹ ላይ እያንሸራተተ የሚያወጣውን የሚያለቅስ ድምፅ ለማግኘት አጥብቆ ይመኝ ነበር። ያ ስልት አልሆነለትም፤ ስለዚህ የግራ እጁን ጣት በክሩ ላይ አጽንቶ በማርገብገብ ያንኑ ለቅሶ በሌላ መንገድ ፈለገው። ከሌላው የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ከቲቦን ዎከር የተማረውን ነጠላ ድምፆችን እያስከተሉ የመጫወት ስልት ሲጨምርበት፣ አንዲት ድምፅ ብቻ ሰምተው የእሱ መሆኑን የሚያውቁት አጨዋወት ተፈጠረ። ዛሬ በመላው ዓለም የጊታር ተማሪ የሚለማመደው የግራ እጅ ንዝረት ትልቁ ክፍል አንድ ሰው ያልሆነለትን በጣቱ ለመተካት ከታገለው ትግል የተገኘ መሆኑ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ዝምታው ነው። ኪንግ እየዘፈነ ጊታር አይመታም ነበር፤ ስንኙ ሲያልቅ ጊታሩ ይመልስለታል፣ ኮርዱን (በአንድነት የሚመቱትን አጃቢ ድምፆች) ደግሞ የባንዱ ሌሎች አባላት ይይዙለታል። ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ አዝማሪ ግጥሙን ጨርሶ ማሲንቆውን ብቻውን ሲያናግር የምንሰማው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሆኖም ብሉዝና ትዝታ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። በብሉዝ የቅኝቱ ሦስተኛ ድምፅ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል የሚዋልል በመሆኑ፣ እዚያ ላይ ክሩን በጥቂቱ መግፋት ካልለመዱ የትዝታን ቅኝት ይዘው ብቻ ሊደርሱበት አይችሉም።

ተፅዕኖው የተስፋፋው በቅጂ ብቻ ሳይሆን በመንገድም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ብቻ 342 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥቷል። ታዋቂዎቹ ጊታር ተጫዋቾች በዲ ጋይ፣ ኤሪክ ክላፕተንና ፒተር ግሪን ከእሱ ቀስመዋል፤ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ2000 ከራሱ ከኪንግ ጋር ሙሉ አልበም ሠርቷል። ስለዚህ ስሙን የማያውቅ ወጣት እንኳ ክላፕተንን ሲኮርጅ የኪንግን ጣት እየኮረጀ ነው።

ለመጀመር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1964 ቺካጎ ውስጥ ከሕዝብ ፊት የተቀዳውን «ላይቭ አት ዘ ሪጋል» የተባለውን አልበም ይምረጡ። መጀመሪያ ጊታሩን ሳይሆን በስንኙ መጨረሻና በጊታሩ መልስ መካከል ያለውን ክፍተት ያዳምጡ። ከዚያ በራስዎ ባንድ ድምፃዊው ሲዘፍን እጅዎን ያሳርፉ፤ ሲጨርስ በሦስት ወይም በአራት ድምፅ ብቻ ይመልሱለት፣ የመጨረሻዋንም ድምፅ እስክትሞት ድረስ በጣትዎ ያርገብግቧት።