መጠኑ ተጨመረልኝ፣ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፦ የታይሮይድ ጥያቄና መልስ

የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ሆርሞን ማነስ ካለብኝ 11 ዓመት ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ግን የመድኃኒቴ መጠን ስንት ጊዜ ሲወጣና ሲወርድ አይቻለሁ፤ ስለ ጉዳዩም ብዙ አንብቤያለሁ። የጠየቃችሁኝን እንደ አቅሜ እመልሳለሁ።

ከ50 ወደ 75 ማይክሮግራም ከፍ ካለልኝ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አሁንም ከአልጋ መነሳት ያቅተኛል። መድኃኒቱ አልሠራልኝም ማለት ነው?

አይደለም እህቴ፣ ገና ነው። ሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ይህ ክኒን፣ እንደ ራስ ምታት ክኒን ዛሬ ተውጦ ዛሬ የሚሠራ መድኃኒት አይደለም። ደም ውስጥ ከገባው ግማሹ እስኪወጣ ብቻ አንድ ሳምንት ያህል ይወስዳል። በዚህ ምክንያት አዲሱ መጠን እስኪረጋጋ አምስት ስድስት ሳምንት ያልፋል። አንቺ ገና መንገድ ላይ ነሽ። ሐኪሞች ቲኤስኤችን (ታይሮይድን «ሥራ» ብሎ የሚያዘውን፣ በደም ምርመራ የሚለካ ሆርሞን) ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይተው የሚለኩትም ለዚህ ነው። አሁን ብትመረመሪ የምታገኚው ቁጥር ሊያሳስትሽ ይችላል።

ደግሞ ደሙ ይቀድማል፣ ሰውነት ቀስ ብሎ ይከተላል። ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ድካሙና የፀጉር መርገፉ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የእኔ ፀጉር መርገፍ ያቆመው ምርመራዬ ጥሩ ከሆነ ከአራት ወር በኋላ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። በየጠዋቱ ማበጠሪያዬን እያየሁ አለቅስ ነበር። አንቺም እንደዚያ እንዳትሆኚ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ቲኤስኤችሽ 2.1 ነው፣ ደህና ነሽ ተባልኩ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። እያበድኩ ነው እንዴ?

በፍጹም። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ0.4 እስከ 4.0 ያለውን ጤናማ ይሉታል፤ ያንቺም እዚያው ውስጥ ነው። ይህ ማለት ግን ድካምሽ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ምናልባት ምክንያቱ ሌላ ነው። ደም ማነስ፣ የብረት ክምችት ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድባቴ፣ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ሁሉም ልክ እንደ ታይሮይድ ያደክማሉ። በተለይ ሀሺሞቶ ያለበት ሰው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ነው ታይሮይዱን የሚያጠቃው። እንዲህ ያለ ሰው ቢ12 የመምጠጥ ችግርና ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ ከሌላው ይልቅ ያገኘዋል። «ፌሪቲንና ቢ12 ይታዩልኝ» ብለሽ ጠይቂ፤ ፌሪቲን የብረት ክምችትን የሚያሳይ ምርመራ ነው።

አንድ ነገር ልምከርሽ። «ደክሞኛል» ብቻ አትበይ፤ ሁሉም ሰው ደክሞኛል ይላል። «ድሮ ሦስት ፎቅ በእግሬ እወጣ ነበር፣ አሁን አንደኛው ላይ ቆሜ አርፋለሁ» በይ። በየሳምንቱ ሁለት መስመር ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። ያን ጊዜ የሚሰማሽ ሐኪም ታገኛለሽ። ካልሰማሽ ደግሞ ሌላ ሐኪም የማየት መብት አለሽ።

መጠኑ ከተጨመረ ወዲህ ልቤ ድው ድው ይላል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። በራሴ ልቀንሰው?

በራስህ አትቀንስ ወንድሜ። ግን ቀጠሮህንም አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ለሐኪምህ ደውል። መጠኑ በዝቶብህ ሊሆን ይችላል። ደረትህን ካመመህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ራስህን ከሳትህ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። የበዛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የልብ ምትን ያዛባል፣ አጥንትንም ያሳሳል። «ትንሽ ቢበዛ ይሻላል» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም።

እናቴ 72 ዓመታቸው ነው፣ ልባቸውንም ያማቸዋል። የተጀመረላቸው በ25 ብቻ ነው። አላነሰም?

ለእሳቸው ትክክል ነው። በዕድሜ ለገፋና የልብ ሕመም ላለበት ሰው በ12.5 ወይም በ25 ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል። ልባቸው በድንገት እንዳይጨናነቅ ነው። ቶሎ አልዳኑም ብለሽ አትጨነቂ።

ጠዋት ከቡና ጋር ነው የምውጠው። ችግር አለው?

አለው! ብዙ ሰው መጠኑ የሚጨመርለት እኮ ክኒኑ በደንብ ስለማይመጠጥ ነው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ዋጪው። ከዚያ ለቡናውም ለቁርሱም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ጠብቂ። የብረትና የካልሲየም ክኒን አራት ሰዓት ይራቅ። የጨጓራ መድኃኒት ከጀመርሽም ለሐኪምሽ ንገሪ። ጠዋት የማይመችሽ ከሆነ ማታ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ መውሰድ ይቻላል። ዋናው ነገር በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የመድኃኒቱ አምራች ከተቀየረም ከስድስት ሳምንት በኋላ መመርመር ጥሩ ነው።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን የምትወስዱ ደግሞ ከደም ምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ አቁሙ። ውጤቱን ያዛባዋል።

ትናንት ረሳሁት። ዛሬ ሁለት ልዋጥ?

አንድ ቀን መርሳት ብዙም አይጎዳም፤ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ይቆያል። የዛሬውን አንዱን ብቻ ውሰድና ቀጥል።

እርጉዝ መሆኔን ትናንት አወቅሁ። ቀጠሮዬ ግን ከወር በኋላ ነው።

እንኳን ደስ አለሽ! ግን ወር አትጠብቂ፣ ዛሬ ደውዪ። በእርግዝና ጊዜ የሚያስፈልገው መጠን ብዙውን ጊዜ ከሩብ በላይ ይጨምራል፣ ያውም ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የፅንሱ አእምሮ የሚያድገው በአንቺ ሆርሞን ነው። እየፈራሽም ቢሆን መድኃኒቱን እንዳታቆሚ።

ክብደቴ ለምን አልቀነሰም?

ታይሮይድ ብቻውን የሚጨምረው ኪሎ ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት ኪሎ አይበልጥም። ከዚያም አብዛኛው ጨውና ውሃ ነው። የቀረውን በምግብና በእንቅስቃሴ ነው የምትሠሪው። ክብደት ለመቀነስ ብሎ ክኒን መጨመር ለልብ አደገኛ ነው።

ስድስት ወር ሙሉ ደህና ሆኛለሁ። አሁን ላቁመው?

ደህና የሆንሽው እየወሰድሽው ስለሆነ ነው። ብታቆሚው ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ላይሰማሽ ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ብርዱም ድካሙም ቀስ እያለ ይመለሳል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የታይሮይድ መቆጣት አንዳንዴ በራሱ ይድናል፤ ያንቺ እሱ ከሆነ ሐኪምሽ ቀስ እያደረገ ማቆሙን ሊሞክረው ይችላል። ሀሺሞቶ ከሆነ ወይም ታይሮይድሽ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ግን የዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው።