መልስ፦ ተኩስ ሲሰማ ሠራተኛ ይበተን ወይስ ይቆይ?
ወንድሜ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዳቦ ቤት እንዳለህ ነግረኸኝ ተኩስ ሲሰማ ሠራተኞችህን መበተን ይኖርብህ እንደሆነ ጠይቀሃል። ተኩሱ ቅርብ ከሆነ ማንንም ወደ ቤትህ ሂድ አትበል፤ መንገዱ ከዳቦ ቤቱ ይብሳል። እኛ ፍኖተ ሰላም ላይ ባለው ዳቦ ቤታችን መስኮት የሌለውን የዱቄት መጋዘን ለመጠለያ ለይተናል፤ ውኃ፣ ቆሎና ሁለት ፍራሽ አለበት። ሊጥ የሚያቦካው ልጅ ድሮ በሌሊት ይመጣ ነበር፤ አሁን ሰዓት እላፊ ሳይደርስ ገብቶ እዚያው ያድራል። አበል ጨምሬለታለሁ፣ ይገባዋል።

በነሐሴ 2015 ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደመወዝ በስልክ መላክ አቅቶኝ ተሸማቅቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ የግማሽ ወር ደመወዝ አስቀድሜ በእጃቸው እሰጣለሁ፤ የቤተሰቦቻቸውንም ስልክ በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። የዓባይ በረሃ መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ እርሾ አይመጣምና የወር ደረቅ እርሾ ያዝ። ስንዴው እንኳ ከአካባቢው አይጠፋም።