ምን ከምን ጋር? ስለ ኮላ፣ ስለ ቀለምና ስለ ማርከር ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጽህፈት መሳሪያ ኮላና ቀለም የምታውቀውን አካፍለን ብላችሁኝ ነው የመጣሁት። ከሃያ ዓመት በላይ በአንዲት ትንሽ ማምረቻ ውስጥ ኮላ ስቀምም፣ የማህተም ቀለም ስበጠብጥ ኖሬያለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስለ ኮላ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ነገር ይንገረኝ። ምን ከምን ጋር ነው የሚጣበቀው? ለስንት ጊዜ? ሲነሳስ ምን ትቶ እንዲሄድ ነው የምትፈልጉት? የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በሉ ጀምሩ።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ በጣም ጠንካራ ኮላ እንዴት ይሰራል?

መልስ፦ ምን ከምን ጋር?

ባለሱቅ፣ መርካቶ፦ ስቲኪ ኖት፣ ያ ተለጥፎ የሚነሳው የማስታወሻ ወረቀት፣ በአጋጣሚ ነው የተገኘው ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው? እዚህስ መስራት አይቻልም? የሚመጣው ሁሉ ከውጭ ነው።

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽኝ ደስ ብሎኛል። አጋጣሚው ግማሹ ታሪክ ብቻ ነው። 1968 ላይ ስፔንሰር ሲልቨር የሚባል ኬሚስት አሜሪካ፣ ስሪ ኤም ኩባንያ ውስጥ ጠንካራ ኮላ ይፈልግ ነበር። ያገኘው ደካማ ሆነ። በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን የአክሪሊክ፣ ከፕላስቲክ ወገን የሆነ ነገር፣ ኳሶች ናቸው። አንድ ለስላሳ ኮላ ወረቀቱን በሙሉ አካሉ ይይዛል። ኳስ ግን የሚነካው በነጥብ ነው። ስለዚህ ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ሲልቨር ይህን ይዞ ለዓመታት ኩባንያው ውስጥ ዞረ። ምን እናድርገው ነበር መልሱ።

አርት ፍራይ የሚባል የስራ ባልደረባው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዘምር ነበር። የመዝሙር መጽሐፉ ውስጥ የሚያደርገው ምልክት ወረቀት እየወደቀ ያስቸግረው ነበር። 1974 ላይ የሲልቨር ኮላ ትዝ አለው። እዚህ ላይ ነው ሰው ታሪኩን የሚዘጋው። ዋናው ችግር ግን ገና ነበር። ወረቀቱ ሲነሳ ኮላው መጽሐፉ ላይ ይቀራል! ኮላው ለየትኛው ወገን እንደሚታመን አልተነገረውም። ያንን የፈቱት ሄንሪ ኮርትኒና ሮጀር ሜሪል ናቸው። የወረቀቱን ጠርዝ መጀመሪያ የስር ቅብ ቀቡት፤ የቤት ቀቢዎች ፕራይመር የሚሉትን ዓይነት ነገር ማለት ነው። ኳሶቹ ያንን ቅብ ሙጭጭ ብለው ያዙት። የሁለቱን ስም የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው፤ ይህ ሁሌም ይከነክነኛል።

1977 ላይ በአራት ከተሞች ለሙከራ ሸጡት፤ ሰው አልገዛም። በማግስቱ ዓመት ቦይዚ በምትባል ከተማ በነጻ አደሉት። የቀመሱት መልሰው ጠየቁ። በመላው አሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው 1980 ነው። ቁጠሪው እንግዲህ፣ አስራ ሁለት ዓመት። አጋጣሚው አንድ ቀን ነው፤ የቀረው ልፋት ነው።

የህትመት ሰራተኛ፦ ያው መነሻው አጋጣሚ ነው አይደል? ጠንካራ ፈልጎ ደካማ ካገኘ ሌላ ምን ይባላል?

ኢንጂነሩ፦ አይ፣ አጋጣሚውን የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ሌላ ሰው ቢሆን ያንን ብልቃጥ ይደፋው ነበር።

የህትመት ሰራተኛ፦ ዓይን ስላለው አጋጣሚነቱ ይቀራል እንዴ? ስኮችም እንደዚያ ነው የተገኘው።

መልስ፦ ስኮች እንደዚያ አይደለም። ሪቻርድ ድሩ ችግሩን በዓይኑ አይቶ ነው የተነሳው። መኪና ቀቢዎች ሁለት ቀለም ሲቀቡ የሚለጥፉት ወረቀት ቀለሙን ይዞ ይላጥ ነበር። እርሱ 1925 ላይ የወረቀቱን ፕላስተር ሰራላቸው፤ ከዚያ 1930 ላይ በሴሎፋን የተሰራውን ግልጽ ስኮች አመጣ። ሁለታችሁም በውስጥ መስመር ተከራከሩ፤ እዚህ ሌሎች እየጠበቁ ነው።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ የኔን አልመለሱልኝም። የማይለቅ ኮላ ነው ያልኩት።

መልስ፦ መልሻለሁ። እንጨት ነው? ፕላስቲክ ነው? ወረቀት ነው? ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ተማሪ፣ ከመተማ፦ እኛ አካባቢ የግራር ሙጫ ይለቀማል። በጆንያ ነው የሚሸጠው። የፖስታ ኮላ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ በደንብ አድርጎ ይሆናል! የቴምብርና የፖስታ ጀርባ ለረጅም ዘመን ሲቀባ የኖረው በዚሁ ሙጫ ነው። ሲደርቅ አያጣብቅም፤ ተደራርቦ መቀመጥ ይችላል። በምላስ ሲነካ ይነቃል።

መጀመሪያ ለይ። ሁሉም ግራር አንድ አይደለም፤ ምርጡ ሴኔጋል ከሚባለው ዝርያ የሚወጣው ነው። ዕጣን ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው አካሉ ሬዚን የሚባል፣ በውሃ የማይሟሟ ዝፍት መሰል ነገር ስለሆነ ለፖስታ አይሆንም። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉብህ።

ቅርፊቱንና አሸዋውን ልቀም፤ ውቀጠው። አንድ እጅ ሙጫ በሁለት እጅ ውሃ፣ በሚዛን እንጂ በግምት አይደለም። አታፍላው። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈህ አሳድረው፤ ጠዋት በስስ ጨርቅ አጥልለው። እንዲሁ ከቀባኸው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ወረቀቱንም ይጠቀልለዋል። ለዚያ ነው ግሊሰሪን የሚጨመረው። ከሙጫው ክብደት ከመቶ አምስት ያህል ሞክርና ከዚያ አስተካክል። ካበዛኸው ክረምት ላይ ፖስታዎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። እኔ በአንድ ሐምሌ ሁለት ካርቶን ሙሉ እንዲህ ሆኖብኝ ጥያለሁ። ሻጋታም ይወደዋል፤ የቅርንፉድ ዘይት ጠብ ብታደርግበት ይከላከላል፤ ግን በትንሽ በትንሹ መስራት ይሻላል።

ይህን ሙጫ ጥሬውን ሸጠን ኮላውን መልሰን መግዛታችን ያንገበግበኛል። በርታ።

አንድም ነገር ከመሸጥህ በፊት በምትጠቀምበት ወረቀት ላይ ቀብተህ ሳምንት ጠብቅ። ግማሹን ፀሐይ ላይ፣ ግማሹን እርጥበት ባለበት ቦታ አኑር። ይህን ለሁላችሁም ነው የምለው።

ዲያቆን፦ አባቶቻችን ብራና ላይ የጻፉበት ቀለም ከዘመናት በኋላም ጥቁር ነው። የዛሬው እስክሪብቶ በአስር ዓመት ይደበዝዛል። መምህሬ ከምጣድ ጥላሸትና ካረረ እህል ነበር የሚያዘጋጁት፤ ለወራት ያስቀምጡታል። ለምን ወደዚያ አንመለስም?

ኢንጂነሩ፦ ለቢሮ ስራ ወራት የሚጠብቅ ማን አለ? ኤውሮፓ በብረት ቀለም ሲጽፍ ኖሮ የለም እንዴ?

ዲያቆን፦ ጊዜ የፈጀ ነገር ነው ጊዜን የሚያልፈው።

መልስ፦ ዲያቆን፣ ስለ ጥቁርነቱ ትክክል ነህ። ጥላሸት ካርቦን ነው። ካርቦንን ብርሃን አያደበዝዘውም፤ ወረቀትም ሆነ ብራና አይበላም። ኢንጂነር ያነሳኸው የብረት ቀለም ከዛፍ እጢ በሚገኝ ታኒንና በብረት ሰልፌት የሚሰራ ነው። ኤውሮፓ ውስጥ ብዙ መዛግብት በዚህ ቀለም ተበልተዋል። ፊደሉ ባለበት ቦታ ወረቀቱ ተቀዶ ይወድቃል። ስለዚህ በዚህ በኩል የኛዎቹ ጸሐፍት የመረጡት ይበልጣል፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ።

መስራት ለምትፈልጉ ግን አንድ ችግር አለ። ጥላሸት ውሃ ይጠላል፤ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ በጥቂት አረቄ አርጥቡት። ከዚያ የግራር ሙጫውን ጨምራችሁ በድንጋይ ላይ ፍጩ፣ ፍጩ፣ አሁንም ፍጩ። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። እንደዚያም ሆኖ ለመቃ ብዕር እንጂ ለፋውንቴን ፔን አይሆንም፤ ቧንቧውን ይደፍነዋል። ለእስክሪብቶማ ጨርሶ አይሆንም። ላዝሎ ቢሮ የሚባል ሰው 1938 ላይ ለእስክሪብቶው ፓተንት፣ የፈጠራ መብት ማለት ነው፣ ሲያወጣ ዘዴው ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ብቻ አልነበረችም። በኳሷ ዙሪያ የማይፈስ፣ ወፍራምና ቅባታም ቀለም ያስፈልግ ነበር፤ በቀለሙ ኬሚስቱ ወንድሙ ግዮርጊ አግዞታል። መሳሪያና ቀለም አብረው ነው የሚፈጠሩት።

አስተማሪ፣ ደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ አንዱ ባልደረባዬ በነጭ ሰሌዳው ላይ በቋሚ ማርከር ጽፎበት አልጠፋ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በሰሌዳው ማርከር በላዩ ላይ ደርበህ ጻፍበትና ሳይደርቅ ጥረገው። ሁለቱም ውስጥ አልኮል መሰል ማሟሟያ አለ። ቋሚው ሲደርቅ ውስጡ ያለው አጣባቂ ሬዚን ሰሌዳውን ይይዛል። በሰሌዳው ማርከር ውስጥ ግን ቀለሙ እንዳይዝ የሚያደርግ ቅባታም ነገር ተጨምሮበታል። አዲሱ አሮጌውን አሟሙቶ ይዞት ይነሳል። ማርከሮቹንም አጋድመህ አስቀምጥ፤ ቆመው ከዋሉ ቀለሙ ወደ አንድ ወገን ይወርዳል።

አስተማሪ፣ ደብረ ብርሃን፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጠመኔስ ከጄሶ ማምረት ያዋጣል?

መልስ፦ ስለ ማዋጣቱ ነጋዴ ጠይቅ። ከጄሶ ይሰራል፤ ብናኙ ግን ይበዛል። ከካልሲየም ካርቦኔት የሚሰራው ከበድ ስለሚል ቶሎ መሬት ይወርዳል። ለአስተማሪ ሳንባ እርሱ ይሻላል።

ጸሐፊ፣ ከአዳማ፦ የቢሯችን ማህተም በመታወቂያ ላይ ስመታው አይደርቅም፤ ይጨማለቃል። ወረቀት ላይ ግን ምንም አይል። ቀለሙ ነው ወይስ ፓዱ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምን ከምን ጋር እንደሆነ ነገርሽኝ። ጥፋቱ የፓዱም የቀለሙም አይደለም። የማህተም ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በግሊሰሪን ወይም በዚያ ዓይነት ነገር ነው የሚበጠበጠው። ፓዱ ላይ እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ ነው። ወረቀት ላይ የደረቀ የሚመስለው ወረቀቱ ስለመጠጠው ነው። ፕላስቲክ ደግሞ አይመጥም። ለፕላስቲክ በትነት የሚደርቅ ሌላ ቀለምና ሌላ ፓድ ግዢ። አንዳንዶች ፓዱ ሲደርቅ የሞተር ዘይት ጠብ ያደርጉበታል። አታድርጉ! ዘይቱ የማህተሙንና የቲተሩን ጎማ ያሳብጠዋል፤ ፊደሉ ይወፍራል።

ስሙን ያልገለጸ፦ ከሰነድ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም የሚያጠፋ ኬሚካል ይኖራል?

መልስ፦ ይህን አልመልስም። ቀጣይ።

ሌላ ጸሐፊ፦ ፍሉድ ሲደርቅብን ቤንዚን ጨምሩበት ይሉናል። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። በዝግ ክፍል ውስጥ፣ ምድጃ ወይም ከሰል ባለበት ቤት ቤንዚንም ሆነ ሌላ የሚተን ማሟሟያ አትክፈቱ። ፍሉዱ ላይ የጻፈውን አንብቢ። በውሃ የተሰራ ከሆነ ቤንዚኑ ያበላሸዋል እንጂ አያቀጥነውም። ይህን ዕቃ ገበያ ላይ ያዋለችው ቤቲ ኔስሚዝ ግራሃም እንዳንቺው ጸሐፊ ነበረች፤ ዳላስ ከተማ፣ ባንክ ውስጥ። የታይፕ ስህተቷን በነጭ ቴምፔራ ቀለምና በትንሽ ብሩሽ መሸፈን ጀመረች። ኩሽናዋ ውስጥ እየበጠበጠች ቆይታ 1979 ላይ ድርጅቷን ለጂሌት በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች። ችግሩን የሚያውቀው ስራው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው።

የህትመት ሰራተኛ፦ ለደብተር ጥራዝ የጫማ ማስቲሽ እንጠቀማለን። ቶሎ ይይዛል፣ ርካሽም ነው።

መልስ፦ ተዉት። እባካችሁ ተዉት። ከዚህ በፊትም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። ማስቲሽ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ነው ጎዳና ላይ ያሉ ልጆቻችን በፌስታል የሚስቡት። ነርቭ ይጎዳል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚጠርዙት ሰራተኞችህም ያንኑ ነው የሚተነፍሱት። ለጥራዝ በውሃ የሚሰራው ነጭ ኮላ አለ። ሲደርቅ ይለመጣል፤ መጽሐፉ ሲገለጥ አይሰበርም። ጊዜ ይፈጃል፤ ከክብደት በታች አሳድረው።

ኢንጂነሩ፦ ሱፐር ግሉስ? እርሱ ፈጣን ነው።

መልስ፦ ለወረቀት አይሆንም። ድርቅ ብሎ ይሰበራል። የሚደርቀው በአየር ውስጥ ባለ እርጥበት ስለሆነ ክዳኑን ግጠሙት። በጥጥ ጨርቅ ወይም በጥጥ ጓንት አትጥረጉት፤ በአንድ ጊዜ ግሎ ቆዳ ያቃጥላል። ጣት ከተጣበቀ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፤ አትጎትቱት።

ከሐዋሳ፦ እሺ ጋሼ፣ ይቅርታ። ወረቀት ከወረቀት ጋር ነው። እንደ ስቲኪ ኖት መሆን አለበት፤ ተለጥፎ የሚነሳ። በውሃ የሚሰራ አክሪሊክ ኮላ አቅጥኜ ቀባሁት። ይይዛል፤ ሲነሳ ግን ኮላው መጽሐፉ ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ጠንካራ የፈለግኩት።

መልስ፦ እንዲህ ንገረኝ እንጂ! አየህ፣ ጠንካራ አይደለም የሚያስፈልግህ። የገጠመህ አርት ፍራይን የገጠመው ነው። ኮላህ ለማን እንደሚታመን አልነገርከውም። መጀመሪያ የራስህን ወረቀት ጠርዝ በስሱ ነጭ ኮላ ቀብተህ አድርቅ። ከዚያ አክሪሊኩን በላዩ ላይ፣ ሙሉ አድርገህ ሳይሆን በስፖንጅ ነጥብ ነጥብ እያደረግክ ንካው። ጨርሶ ሳይደርቅ ምንም ላይ አትለጥፈው፤ እርጥቡ ሁለቱንም ወገን እኩል ነው የሚይዘው። በሦስት ዓይነት ወረቀት ሞክር፤ በደብተር፣ በጋዜጣና በፎቶ ኮፒ ወረቀት። ግማሹን መስኮት ላይ፣ ግማሹን መሳቢያ ውስጥ አኑር። በስምንተኛው ቀን አንሳቸውና የትኛው ምን ትቶ እንደሄደ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።