አይዳን ለጊዜው ከእጇ ውሰዱባት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ ከልምምድ ወጥቼ ትራም ላይ ነው ያነበብኩት። የ19 ዓመት እህትህ አዘዞ ሆና ኦፔራ (በዘፈን የሚቀርብ ቲያትር) መማር ፈልጋለች፣ ድምጿ ትልቅ ነው፣ ለውጭ ትምህርት ቤት የሚላክ ቪዲዮ እያዘጋጀች ነው፣ የመረጠችውም «የእኛው ታሪክ ስለሆነ» አይዳ ከተባለው ኦፔራ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ መውረጃዬ አለፈኝ። እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ማራኪ ነው ያደግኩት። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ስለ ፓስፖርትና ስለ ባንክ ወረቀት በደንብ ጽፈውልሃል፤ እሱን አልደግምም።

1. ጣልያንኛ ከአሁኑ ትጀምር። አትፍሩት። «አለ» የሚለው ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ እንደሚለያይ ከእናቷ ጋር ስታወራ የተማረች ልጅ፣ የጣልያንኛን መጥበቅ ማንም ሳያስተምራት ትይዘዋለች። አብረውኝ የተማሩ እንግሊዞች ስንት ጊዜ አልቅሰውበታል! እኛን የሚያስቸግረን «ካ» እና «ታ» ነው፤ ሳናውቀው ወደ «ቃ» እና «ጣ» እንስበዋለን፣ ጉሮሮ ይዘጋል። ጣልያንን ራሱን በ«ጣ» የጻፍን ሰዎች ነን እኮ።

2. የመለማመጃ ቦታ ፈልጉላት። እኔ ቤት ውስጥ ላይኛውን ድምፅ ስሞክር ጎረቤታችን እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ፤ «ማን ሞተ?» አሉ። እናቴ ከሀፍረቷ የተነሳ ቡና አፍልታ ነው የሸኘቻቸው። ከዚያ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ባዶ ሲሆን እየገባሁ ነበር የምለማመደው። መዝሙር ላይ ያደገ ድምፅ ጉልበት አለው፤ ጥምቀት ላይ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ያለ ማይክ ተሰምቼ አውቃለሁ። ግን ያ ጉልበት የጉሮሮ ነበር። ከትንፋሽ እንዲመጣ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን እንደገና ጀመርኩ። እህትህም እዚያ ትፈተን፤ ኖታ ማንበብ ሳትችል ውጭ አትላኳት።

3. አይዳ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና ላውራህ።

አዎ፣ አይዳ የኢትዮጵያ ልዕልት ናት፤ አባቷ አሞናስሮም ንጉሣችን ነው። ግን ታሪኩ በፈርዖኖች ዘመን የተቀመጠ ፈጠራ ነው። የዜማውን ደራሲ ጣልያናዊውን ቨርዲን ሥራውን ያዘዘው የግብፁ ገዢ (ኬዲቭ) ኢስማኤል ነው፤ በ1871 መጨረሻ ካይሮ ላይ ታየ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ 4 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ያው ኢስማኤል በ1875 ጉንደት፣ በ1876 ጉራ ላይ ጦር የላከብን ሰው ነው። «የእኛ» ከማለታችሁ በፊት ይችን ያዙልኝ።

ዋናው ግን ድምፁ ነው። ኦፔራ ላይ ማይክ የለም። አይዳ የምትዘፍነው ከሙሉ ኦርኬስትራና ከትልቅ መዘምራን (በኅብረት የሚዘፍኑት) በላይ ነው፤ የበሰለ ድምፅ ይፈልጋል። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሊዮንቲን ፕራይስ የዘመኗ ትልቋ አይዳ ነበረች። በ1927 ተወልዳ፣ ሚናውን መድረክ ላይ መጀመሪያ የዘፈነችው በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ነው፤ 30 ዓመቷ። በ1985 የኒውዮርኩን ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ስትሰናበትም በዚያችው አይዳ ነው።

እኔስ? ስሞክረው 24 ዓመቴ ነበር። እዚህ አውሮፓ እንደመጣሁ አንዲት አስተማሪ መልኬን አየችና «አንቺማ ለአይዳ ተፈጥረሻል» አለችኝ። ገና ድምፄን ሳትሰማ! ያኔ መናደድ ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ለእናቴ ደውዬ «ልዕልት ሆንኩ» አልኳት።

የድምፅ ፈተና ላይ አምስት ያህል ዘፈን ጽፈህ ትሰጣለህ። የመጀመሪያውን አንተ ትመርጣለህ፣ ሁለተኛውን እነሱ ይመርጣሉ። እኔ ከሞዛርት ኦፔራ በሱዛና ዘፈን ጀመርኩ፤ አማረልኝ። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ ዝርዝሬን በስልኩ መብራት አየና «አይዳ፣ ሦስተኛው ገቢር» አለ። ዓባይ ዳር ቆማ አገሬን ዳግመኛ አላይም የምትልበት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጠዋትና ማታ ስጮህበት ስለከረምኩ ጉሮሮዬ ያን ቀን ጠዋት በርበሬ የታጠነ ይመስል ነበር። ላይኛው ዶ (የዘፈኑ ከፍተኛ ኖታ) ላይ ስደርስ የወጣው እንደ ተቀደደ ወናፍ ነፋስ ብቻ ነው። ፒያኖ የሚመታው ሰውዬ እጁን አነሣ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እና ማነው ይህን የሰጠሽ?» አለችኝ።

በአፍንጫ በገባ ካሜራ ሲያዩኝ ሁለቱ የድምፅ አውታሮች በሚገናኙበት ቦታ ፊት ለፊት መጅ አውጥተዋል። እጅ መጅ እንደሚያወጣው ማለት ነው። ቢላ አላስፈለገኝም፤ መጀመሪያ ዝምታ (ሹክሹክታም ክልክል ነው)፣ ከዚያ ለወራት የድምፅ ሕክምና። እናቴ ስትደውል ስልኩን በጥፍሬ አንዴ ከነካሁ አዎ፣ ሁለቴ ከሆነ አይደለም ማለት ነበር። «ልጄን ዲዳ አደረጓት» ብላ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ሻማ ተሳለች። የነፃ ትምህርት ዕድሌን ለማስተላለፍ የሐኪም ወረቀት ይዤ ጽሕፈት ቤት ስሄድ ደግሞ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ዘፋኝ ካልዘፈነች ምን ትሠራለች?» አለችኝ። መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ መናገር ተከልክያለሁ! ዕድሉ ለሌላ ተሰጠ። እስከ ዛሬ ያቺን ሴትዮ በሕልሜ እመልስላታለሁ።

ድምፄ ተመልሷል፣ ተመስገን። አሁን ጀርመን በአንዲት ትንሽ ከተማ ቲያትር መዘምራን ውስጥ ነኝ፤ ትንንሽ የብቻ ሚናዎችም ይሰጡኛል። «መዘምራን ብቻ?» የሚለኝ ዘመድ አለ። ደሞዜ በየወሩ ይገባል። በግላቸው የሚዞሩት ብዙዎቹ ጓደኞቼ የሚከፈላቸው በዘፈኑት ትርኢት ልክ ነው፤ ለሳምንታት ተለማምደው የመክፈቻው ቀን ጉንፋን ከያዛቸው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ከ2 ዓመት በፊት አይዳን ሠራን። ሁለተኛው ገቢር ላይ ተማርከው ከሚገቡት ኢትዮጵያውያን አንዷ ነበርኩ፤ ከምርኮኞቹ ሁሉ እውነተኛ ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ። አይዳ ሆና የምትዘፍነው 41 ዓመቷ ነው፤ ከጀርባዋ ቆሜ ያን ዶ ስትይዘው ትንፋሿ ከወገቧ ሲነሣ በዓይኔ አየሁት።

እህትህ ምሳሌ ከፈለገች ደቡብ አፍሪካዊቷን ፕሪቲ ዬንዴን ትይ። 16 ዓመቷ ላይ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው ኦፔራን መጀመሪያ የሰማችው። በ2013 ሜትሮፖሊታን የገባችው በጣልያናዊው ሮሲኒ ኦፔራ፣ ለድምጿ በሚስማማ ቀለል ባለ ሚና ነው። የዚያን ቀን መድረክ ላይ ስትገባ ተደናቅፋ ወደቀች፤ ተነሥታ ዘፈነች።

ስለዚህ ቪዲዮው ላይ አንድ የድሮ የጣልያን አጭር ዜማና አንድ ሞዛርት ይብቃ። የማትችለውን ዝርዝሯ ላይ አትጻፍ፤ ከጻፈችው ይመርጡባታል። ገንዘብ በቅድሚያ የሚጠይቅ «ወኪል» ከመጣ ስልኩን ዝጉት። ስትቀርጿት ስልኩን 3 ሜትር ያህል አርቁት፣ ኢኮ የሚባለውን አትጨምሩበት። ከመላካችሁ በፊት በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ሰኞ ልምምድ የለኝም፣ አዳምጬ እነግራችኋለሁ። ጎረቤቶቻችሁን ግን ቀድማችሁ አሳውቋቸው።