እናቴ እስክስታ ትውረድ ወይስ እንከልክላት?

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፣ ግፊት አለባት ጉልበቷንም ያማታል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰርግ ላይ እስክስታ ስትወርድ ቆይታ ዘፈኑ ሲያልቅ አዞራትና ወንበር ይዛ ቀረች፣ አልወደቀችም ግን። አባቴ ሽንት ቤት ወድቆ ዳሌው ተሰብሮ በዛው ነው ያጣነው። አሁን ወንድሞቼ ሁለተኛ እንዳትጨፍሪ ብለዋት እሷም አኩርፋለች። ለጉልበቷ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛንላት ሁለት ወር ሆኗታል፣ የግፊቱን ኪኒን ደግሞ የሰርጉ ቀን ጠጅ ስለምትቀምስ አልዋጠችም። ጭፈራ ለዕድሜዋ ጥሩ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ስለ ጭፈራ ነው እንጂ የያዘሽ የአባትሽ ነገር ነው፣ ነፍስ ይማር። ፍርሃትሽ ይገባኛል፣ በዚህ ዕድሜ ዳሌ መሰበር ከባድ ነገር ነው። ግን እናትሽን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ከመውደቅ አያድናቸውም፣ ጭራሽ ወደ መውደቁ ያቀርባቸዋል። ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ጭኑ ይደክማል፣ ምንጣፍ ሲያደናቅፈው ራሱን የሚመልስበት አቅም ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዛ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፣ ቢያንስ ሦስቱን ቀን ደግሞ ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ ነገር ይኑርበት ይላል። እስክስታ እኮ ይሄው ነው፣ ክብደትን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፣ ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ መነሳት፣ ትከሻን ከከበሮው ጋር ማስኬድ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰው እያዩ መመለስ፣ ጭንቅላትም እግርም አብረው ይሰራሉ። በፈረንጆቹ 2003 የወጣ የኒውዮርክ ጥናት ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ከሰውነት እንቅስቃሴዎች መሀል የመርሳት በሽታ ከመቀነስ ጋር ተያይዞ ያገኘው ጭፈራን ብቻ ነበር። ቀድሞውኑ ደህና የሆነ ሰው ስለሚጨፍር ሊሆንም ይችላል፣ ስለዚህ መድኃኒት ነው አልልሽም። ግን ለመከልከል ምንም ምክንያት የለም።

አሁን እግረ መንገድሽን ወደጻፍሻት ነገር ልምጣ። ሁለት ወር ዲክሎፌናክ! ግፊት ላለባቸው የ71 ዓመት እናት፣ ማንም ሳያዝ! ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ሁሌ የማየው ነው። አንዲት እናት ነበሩ፣ ግፊታቸው 190 በ110 ሆኖ መድኃኒት ብንቀያይር አልወርድ ያለ፣ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ ስላቸው የለም አሉኝ፣ ሊወጡ ሲሉ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ግማሹ ያለቀ ዲክሎፌናክ አሳዩኝ፣ «ይቺማ የጉልበት ናት» ብለው። የጉልበት ብቻ አይደለችም። ጨውና ውሃ ሰውነት ውስጥ ታስቀራለች፣ ግፊት ትጨምራለች፣ የግፊቱን መድኃኒት ሥራ ታበላሻለች፣ ልብንም ትጎዳለች፣ ኢናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒትና የሚያሸና ኪኒን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ኩላሊት ላይ ትመጣለች። ጨጓራም ታደማለች፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ነገ ሳትሉ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ዲክሎፌናኩን ዛሬ አቁሙ፣ ለጉልበቱ በፓራሲታሞል ወይ በሚቀባ ነገር ይቻል እንደሆነ ሐኪማቸው ይወስን። ለድግስ ሲባል የሚተወውም ጠጁ ነው እንጂ የግፊቱ ኪኒን አይደለም።

ማዞሩ ብዙም አላስደነገጠኝም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ ሽር ጉድ ሲሉ ውለው፣ ጠጅ ተጨምሮበት፣ ጨፍረው ድንገት ቀጥ ሲሉ ደም ወደ እግር ይወርድና ያዞራል። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ግፊታቸውን ሳታስለኩ መቀመጣችሁ ልክ አይደለም። ተቀምጠውም ቆመውም ይለኩ፣ ሲቆሙ በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይ ከዛ በላይ ከወረደ ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ማየት አለበት። እየጨፈሩ እያሉ ደረታቸውን ከተጫናቸው፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ወይ ራሳቸውን ከሳቱ ግን ቢለቃቸውም በዛኑ ቀን ሆስፒታል ነው።

እስክትለኩ ድረስ ወንበር ላይ ሆነው በትከሻ ብቻ ይጫወቱ፣ እሱም እስክስታ ነው። ከዛ በኋላ ተረከዙ ዝቅ ያለ እግር የሚይዝ ጫማ ያድርጉ፣ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ላይ አይጨፍሩ ያንሸራትታል፣ ዝላይ ያለበት ጉራጊኛው ሲመጣ ያጨብጭቡ። ወንድሞችሽ ከመቆጣት ይልቅ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፣ የሚውጡትንም ሁሉ በፌስታል ይያዙ፣ ዲክሎፌናኩንም ጭምር።